የመድን ድርጅት ስንለውጥ ያለፈውን አደጋ ስለ መናገር

አባቶቻችን በበቅሎና በታንኳ ሲጓዙ ያላወቁት፥ ዛሬ ግን በብዙ ቤት የገባ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የመኪና መድን ነው። በዚህ ወር ስለ እርሱ ጥቂት እንነጋገራለን። የምንነጋገረውም ሰው ስለሚሞትበትና ንብረት ስለሚወድምበት ታላቅ አደጋ አይደለም፤ ማንም ሳይጎዳ፥ ነገሩ በሽማግሌና በጋራዥ ስለሚያልቅበት ትንሽ ግጭት ነው። ትንሹ ነገር በጊዜው ሳይነገር ቀርቶ፥ በኋላ የቤቱን ጥሪት ሁሉ ይዞ የሚሄድበት ጊዜ አለና ነገሩን መመርመር ይገባል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የባሕር ዳር አባወራ እንውሰድ። ይህ ሰው ከደመወዙ ቆጥቦ፥ ከዘመድም ተበድሮ፥ 1,200,000 ብር የምታወጣ አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ገዝቷል እንበል። አንድ ቀን ከቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ወደ ኋላ ሲያስኬድ አንድ ባጃጅ ይነካል። የባጃጁ መብራት ይሰበራል፤ የእርሱም መኪና ፓራውልት ይጎደጉዳል። በአካባቢው የነበሩ ሽማግሌዎች ገብተው ለባጃጁ ባለቤት 4,000 ብር ይከፍላል፤ የራሱንም በ6,000 ብር ያስጠግናል። ለፖሊስም፥ ለመድን ድርጅቱም አላስታወቀም።

ከ8 ወር በኋላ የመድኑ ውል ያልቃል። ሌላ ድርጅት በአነስተኛ አረቦን እቀበልሃለሁ ይለዋል። የመድን መጠየቂያውን ቅጽ ወደ ቤቱ ወስዶ ማታ ከባለቤቱ ጋር ሲሞላ፥ «ባለፉት ሦስት ዓመታት ተሽከርካሪው አደጋ ደርሶበት ያውቃልን?» የሚል ጥያቄ ያገኛል። እርሱ፦ «ያ እኮ አደጋ አይባልም፤ ጭረት ነው። ደግሞስ ማን ያውቃል?» ይላል። እርስዋም፦ «እኔም አንተም እናውቃለን። ያን ቀን ልጆቹም ከኋላ ተቀምጠው ነበር» ትላለች። እንግዲህ ከሁለቱ ማን ትክክል ነው?

ይህን ለመመለስ አስቀድሞ መድን ማለት ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው መድን ድርጅትን የሚያየው እንደ አንድ ባለጸጋ ኪስ ነው፤ ከእርሱም ጥቂት ቢወሰድ የሚጎዳ ሰው ያለ አይመስለውም። ነገር ግን የመድን ሥራ በመሠረቱ ከዕድራችን ብዙ የራቀ አይደለም። 1,000 ባለመኪናዎች እያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ብር ቢያዋጡ 20 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ከነዚህ መካከል በዓመቱ 50ዎቹ አደጋ ቢደርስባቸውና ለእያንዳንዱ 300,000 ብር ካሳ ቢከፈል 15 ሚሊዮን ይወጣል፤ የቀረው ለመሥሪያ ቤቱ ወጪና ለመጠባበቂያ ይሆናል። አደጋው ወደ 70 ከፍ ቢል ግን ካሳው 21 ሚሊዮን ነውና መዋጮው አይበቃም፤ በሚቀጥለው ዓመት የሁሉም አረቦን ይጨምራል። ስለዚህ ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ሰው ተገቢውን አረቦን ለመተመን የእያንዳንዱን ሰው የአደጋ ሥጋት ማወቅ አለበት። የእኔን ሥጋት ብደብቅ የእኔን ዕዳ የሚከፍለው ባለጸጋው ኪስ አይደለም፤ በጥንቃቄ የሚነዳው ጎረቤቴ ነው።

የጣና ዳር ሰው ይህን በታንኳ ምሳሌ ቢያየው አይከብደውም። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገልም ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ከውኃ ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ ይኖርበታል። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፍ ሰው ታንኳ ሲገዛ ወይም ሲከራይ፥ ባለቤቱ የላላውን ማሰሪያና የረጠበውን ጎን ቢነግረው ጭነቱን ቀንሶ ይሄዳል፤ ቢደብቀው ግን ነገሩ የሚታወቀው በሐይቁ መካከል ነው። የደበቀውም ሰው «ስላልጠየቀኝ አልነገርሁትም» ቢል ማንም እውነተኛ ነው አይለውም።

በአገራችን የመድን ሥራ ረጅም መንገድ መጥቷል። የመጀመሪያው የአገር ውስጥ የመድን ኩባንያ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ እ.ኤ.አ. በ1951 ተቋቋመ። ሌሎችም ተከተሉት። በ1967 ዓ.ም. ግን ወታደራዊው መንግሥት በዚያን ጊዜ የነበሩትን 13 የመድን ኩባንያዎች ወረሰ፤ ከዚያም የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻውን ሥራውን ያዘ። ከዚህም የተነሣ ለብዙ ዓመታት ድርጅት መለወጥ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. ስለ መድን ሥራ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 86 ሲወጣ ለኢትዮጵያውያን የግል ኩባንያዎች በሩ ተከፈተ። እንግዲህ «ከዚህኛው ወደዚያኛው ልሂድ ወይ?» የሚለው የቤተሰብ ጥያቄ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። እንደዚሁም በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ማንኛውም ባለተሽከርካሪ በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት መድን እንዲገባ ግዴታ ሆነ። የራስን መኪና ጉዳት የሚሸፍነው ሙሉ መድን ግን በፈቃድ የሚገባ ውል ነው፤ የእኛም አባወራ ቅጹን የሚሞላው ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ መድን የሚናገር ክፍል አለው። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የቀድሞውን ብዙ ክፍል ሲተካ፥ ስለ መድን የሚናገረውን ክፍል በነበረበት ትቶታል። በዚህ ሕግ ቁጥር 667 እንደ ተደነገገው፥ መድን የሚገባው ሰው ውሉ በሚደረግበት ጊዜ፥ መድን ሰጪው የሚቀበለውን ሥጋት በሚገባ ለመመዘን የሚረዱትን፥ እርሱ የሚያውቃቸውን ነገሮች ሁሉ በትክክል ማስታወቅ አለበት። ቁጥር 668 ደግሞ የመደበቅን ውጤት ይናገራል። ሰውየው አውቆ ነገሩን ቢሰውር ወይም ሐሰት ቢናገር፥ ድርጅቱም እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ውሉን የማይቀበል ወይም በከበደ ሁኔታ የሚቀበል ቢሆን፥ ውሉ ዋጋ አይኖረውም።

አንባቢዎቻችን አንዱን ነገር በተለይ ልብ እንድትሉ እንፈልጋለን። ሕጉ «የተጠየቅኸውን መልስ» ብቻ አላለም፤ «የምታውቀውን አስታውቅ» አለ እንጂ። ይህ አስተሳሰብ በዓለም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1766 በእንግሊዝ አገር ሎርድ ማንስፊልድ የተባሉት ዳኛ ካርተርና ቦኤም በተከራከሩበት የታወቀ ጉዳይ፥ የመድን ውል በቅን ልቡና ላይ የቆመ መሆኑን፥ ከሁለቱም ወገን አንዱ ለብቻው የሚያውቀውን ሸሽጎ ሌላውን ወደ ውል መሳብ እንደማይገባው ፈረዱ። ያም ጉዳይ የተነሣው በሱማትራ ደሴት ስለነበረ አንድ ምሽግ በተገባ መድን ምክንያት ነው። እንግሊዞች ራሳቸው ከ2 መቶ ዓመት በላይ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ሕግ፥ ለቤቱና ለራሱ መድን የሚገባው ተራ ሰው ድርጅቱ የጠየቀውን በጥንቃቄና በእውነት ቢመልስ ይበቃዋል ብለው ሸክሙን አቃለሉት። የእኛ ሕግ ግን መናገርን በመድን ገቢው ላይ እንዳደረገ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር የኖረ ዘመድ «ካልጠየቁህ አትናገር» ቢለን፥ ምክሩ ለዚያ አገር ቢሠራም ለባሕር ዳር አይሠራም። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ቢሆኑ መደበቅ አይረዳቸውም፤ በዚያ ኩባንያዎቹ ክሉ በሚባል የጋራ መዝገብ እስከ 7 ዓመት ያለውን የካሳ ጥያቄ ታሪክ ያያሉና።

«ትንሽ ግጭት ሥጋትን ለመመዘን ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ድርጅቱ የሚመለከተው የመብራቱን ዋጋ አይደለም። መኪናው በየትኛው ሥፍራ እንደሚውል፥ በማን እጅ እንደሚነዳ፥ ስንት ጊዜ እንደሚነካካ ነው። በገበያ መካከል አንድ ጊዜ የተጋጨ ሰው ክፉ ነጂ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛና ሦስተኛ ቢጨመርበት ትርጉሙ ይለወጣል። ይህን መመዘን የድርጅቱ ሥራ ነው፤ የእኛ ሥራ ነገሩን በመጠኑ መናገር ነው። ብዙ ጊዜም እንዲህ ያለው አንድ ግጭት በግልጽ ሲነገር አረቦኑን ጥቂት ቢጨምር ወይም ምንም ባያስከትል እንጂ ሰውን ከመድን የሚያስወጣ አይሆንም።

ደግሞም «ማን ያውቃል?» የሚለው ቃል እጅግ ደካማ መከታ ነው። መኪናው ራሱ ይናገራል። የድርጅቱ ገማች ቀለሙን ሲመረምር ከሥሩ ስቱኮ ያገኛል፤ የላሜራውም ጥገና ለባለሙያ ዓይን አይሰወርም። ጋራዡ ደረሰኝ አለው። ባጃጁም የመድን ውል ያለው ከሆነ ባለቤቱ ነገሩን በራሱ ድርጅት አስመዝግቦት ይሆናል። አዲሱ ድርጅት ከቀድሞው ድርጅት የካሳ ታሪክ የሚገልጽ ደብዳቤ ሊጠይቅ ይችላል። ከሁሉም በላይ ባሕር ዳር ምንም እንኳ እያደገች፥ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ወዲያና ወዲህ ቢያገናኛት፥ ዛሬም ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የተባለው ለዚህ ነው።

አሁን የአባወራውን ትርፍና ኪሣራ በሒሳብ እንይ። ግጭቱን ቢናገር አዲሱ ድርጅት በዓመት 2,000 ብር ይጨምርበታል እንበል። ደብቆ ውሉን ፈረመ፤ 2,000 ብር አተረፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከወረታ ወዲያ በጎንደር መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ካሳ ሲጠይቅ ስቱኮው ይገኛል፤ ቅጹ ከመዝገብ ይወጣል፤ «አልደረሰም» ብሎ በእጁ የጻፈውና የፈረመው ይነበብለታል። ውሉ ፈርሷል ቢባል የ1,200,000 ብር ንብረት ያለ ካሳ ይቀራል። በዓመት 2,000 ብር እየቆጠበ ይህን ለመተካት 600 ዓመት ያስፈልገዋል። ዕዳው ግን ከዘመድ የተወሰደ ነውና 600 ዓመት አይጠብቅም፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያም እንዲሁ።

ሕግ በሚሰውረውና በሚሳሳተው መካከል ልዩነት ማድረጉንም ማወቅ ይገባል። የንግድ ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳውያን ሊቃውንት ዣን ኤስካራና አልፍሬድ ዦፍሬ ነበሩ፤ በእነርሱም አገር ሕግ ይህ ልዩነት ግልጽ ነው። አውቆ የደበቀ ሰው ውሉን ያጣል፤ ሳያውቅ ያጎደለ ሰው ግን ካሳው በአረቦኑ መጠን ይቀነስበታል። ለምሳሌ 20,000 ብር መክፈል ሲገባው 16,000 የከፈለ ሰው ከመቶ 80 እጁን ከፍሏልና፥ ለ300,000 ብር ጉዳት 240,000 ያገኛል። በእኛም ሕግ መንፈሱ አንድ ነው፤ ቅጣቱ ሙሉ ሆኖ የሚወድቀው አውቆ በሰወረው ላይ ነው። የእኛ አባወራ ደግሞ ቅጹን ይዞ ከባለቤቱ ጋር ስለ ነገሩ የተነጋገረ ነውና «አላወቅሁም» ሊል አይችልም።

በቤተ ክርስቲያን ያደጉ አንባቢዎቻችን የሐናንያንና የሰጲራን ታሪክ ያስታውሳሉ። እነዚያ ሁለቱ የወደቁት ከገንዘባቸው ለራሳቸው ስላስቀሩ አልነበረም፤ ያስቀሩትን እንዳላስቀሩ አድርገው ስላቀረቡ ነበር። ደግሞም ነገሩ በባልና በሚስት ምክር የተደረገ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ከእነርሱ አንዱ «ተው» ቢል ኖሮ ሁለቱም በዳኑ ነበር። በምሳሌያችን ያለችው ሚስት ያን ቃል ተናግራለች፤ ባልም ሊሰማት ይገባዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ጥያቄውን በሚገባ ማንበብ ነው። «ካሳ ጠይቀው ያውቃሉን?» የሚለውና «አደጋ ደርሶብዎት ያውቃልን?» የሚለው አንድ አይደሉም። የእኛ አባወራ ከኪሱ ከፍሏልና ለመጀመሪያው «አልጠየቅሁም» ቢል እውነት ነው፤ ለሁለተኛው ግን መልሱ «አዎን» ነው። ቅጹ የመጀመሪያውን ብቻ የጠየቀ ቢሆን እንኳ ግጭቱን በአንድ መስመር መጨመር ከሕጉ ጋር ይስማማል።

ሁለተኛም፥ ነገሩን ሳያገዝፉና ሳያሳንሱ መጻፍ ነው። ቀኑን፥ ሥፍራውን፥ የሆነውን፥ የተጎዳ ሰው መኖር አለመኖሩን፥ የተጠገነውንና ወጪውን መግለጽ ይበቃል። እንዲህ ሊባል ይችላል፦ «በኅዳር ወር ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ወደ ኋላ ሳስኬድ አንድ ባጃጅ ነክቻለሁ። ሰው አልተጎዳም። ለባጃጁ 4,000 ብር ከፍዬ፥ የራሴን ፓራውልት በ6,000 ብር አስጠግኛለሁ። ከቀድሞው ድርጅት ካሳ አልጠየቅሁም።» ይህ ጽሑፍ አጭር ነው፤ ነገር ግን ነገ ለሚነሣው ክርክር ሁሉ መልስ ነው። የጋራዡ ደረሰኝና በሽማግሌዎች ፊት የተጻፈ ስምምነት ካለም ግልባጩን ማያያዝ መልካም ነው።

ሦስተኛም፥ ቅጹን ሌላ ሰው ቢሞላው እንኳ ሳያነቡ አለመፈረም ነው። ወኪሉ ደንበኛ ለማግኘት ቸኩሎ «ይህን ተወው፤ ጥቃቅን ነገር አይጻፍም» ሊል ይችላል። ነገር ግን በካሳው ቀን የሚቀርበው የመድን ገቢው ፊርማ ነው። የተሞላውንም ቅጽ ማኅተም ያለበት ግልባጭ ተቀብሎ ከሊብሬው ጋር ማስቀመጥ ይገባል።

አራተኛም፥ አዲሱ ውል መጀመሩ ሳይረጋገጥ የቀድሞውን አለማቋረጥ ነው። ያለ መድን አንድ ቀን እንኳ መንዳት በሕግም በሕሊናም ያስጠይቃልና። ደግሞ በአረቦኑ ማነስ ብቻ መወሰን አይገባም፤ ካሳ ሲከፈል ባለመኪናው የሚችለው ድርሻ ስንት እንደ ሆነ፥ ካሳ ባለመጠየቅ በቀድሞው ድርጅት የተገኘው ቅናሽ በአዲሱ ይታወቅ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ፊትም ግጭት ሲደርስ፥ ምንም ትንሽ ቢሆን፥ ከማስታረቅ ጋር ማስታወቅን ማስተባበር ያሻል። ሽምግልና መልካም ባሕላችን ነው፤ ጠብን ያበርዳል። ነገር ግን ብዙ የመድን ውሎች ባለመኪናው ድርጅቱን ሳያማክር ጥፋትን አምኖ ካሳ እንዳይከፍል ያዝዛሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ለድርጅቱ ማስታወቅ፥ ከዚያም መስማማት ነው። ካሳ ሳይጠይቁ ማስታወቅም ይቻላል።

ምናልባት ይህን የሚያነብ አንዱ አባወራ ቅጹን ቀድሞ ፈርሞ፥ ግጭቱን ሳይጽፍ የቀረ ሊሆን ይችላል። እርሱም ቢሆን ገና ጊዜ አለው። ሌላ አደጋ ሳይደርስ በፊት ለድርጅቱ ደብዳቤ ጽፎ «በቅጹ ላይ ይህን ሳልጠቅስ ቀርቻለሁ» ቢል፥ የሚከተለው ምናልባት የአረቦን ጭማሪ ነው፤ ቢበዛም ድርጅቱ ውሉን አልቀበልም ብሎ ሌላ ድርጅት መፈለግ ነው። ይህም ቢሆን መኪናው ከጠፋ በኋላ ከሚመጣው ይቀላል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፥ የተሸሸገ ነገር የሚታከመው ሲገለጥ ብቻ ነው።

«ሌላውም ሁሉ ይደብቃል» የሚለውን ምክንያት ግን አንቀበለውም። በዕድር ሰው ሁሉ መዋጮውን ቢያጓድል በቀብር ቀን ድንኳኑ አይተከልም። የመድንም ነገር እንዲሁ ነው። ድርጅቶችም በበኩላቸው ጥያቄያቸውን ግልጽ አማርኛ አድርገው ሊጽፉ፥ በእውነት የተናገረውንም ሰው በማይገባ ጭማሪ ሊያስደነግጡት አይገባም፤ መተማመን የሁለት ወገን ነውና። የሚቆጣጠራቸው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ስለ ሆነም፥ ተበደልሁ የሚል ሰው ከድርጅቱ ኃላፊዎች ጋር ተነጋግሮ ሳይፈታ ሲቀር አቤት የሚልበት ሥፍራ አለው።

በመጨረሻም ወላጆች አንዲት ነገር እንዲያስቡ እንለምናለን። የግጭቱ ቀን ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ቅጹ በቤት ጠረጴዛ ላይ ሲሞላም በዚያው ክፍል የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ። በትምህርት ቤት «እውነት ተናገሩ» የሚለውን እኛ መምህራን ዓመት ሙሉ ብናስተምር፥ አባት በአንድ ማታ «አልደረሰም» ብሎ ሲጽፍ ያዩት ከእኛ ትምህርት ይበረታል። «አዎን፥ ደርሷል» ብሎ ሲጽፍ ቢያዩት ግን፥ 2,000 ብሩ የወጣው ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለእነርሱም ነው።